ቴነሩ ሲዘምር ውኃ መጣ

በእኛ አገር ለሚዘፍን ሰው ጭጭ ብሎ መቀመጥ ከስድብ አይተናነስም። ድምፃዊው አንድ ቤት እንደጨረሰ ከታች እልልታ ካልፈነዳ፣ ትከሻ ካልተነቀነቀ፣ ቢያንስ አንድ ጎረምሳ ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ካልተነሣ፣ ምስኪኑ ዘፋኝ ዞር ብሎ ኪቦርድ ተጫዋቹን «ምን አጠፋሁ?» በሚል ዓይን ያየዋል። አዝማሪ ቤትማ ሰሚው ራሱ ገጣሚ ነው። «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበላል። ግጥሙ ወዲያ ማዶ የተቀመጠውን ሰው የሚነካ ከሆነ ያም መልሱን ያቀብላል። ሁለቱ ሲሰዳደቡ ያመሻሉ፤ ብሩ የሚለጠፈው ግን አዝማሪው ግንባር ላይ ነው። እኛ መቐለዎች ጓይላ ሲደራማ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ከበሮውን ተከትሎ በክብ የሚዞረው ሕዝብ ሁሉም ይዘፍናል፣ ሁሉም ይሰማል፤ ዘፋኙን ከታዳሚው ለይቶ ለማውጣት ኦዲተር ያስፈልጋል።

ኦፔራ ግን ሌላ ሃይማኖት ነው። ሰሚው ደህና ገንዘብ ከፍሎ፣ ሱፉን ለብሶ ይመጣና ከተቀመጠባት ደቂቃ ጀምሮ የሌለ ሰው ይሆናል። ስልክ ይዘጋል። ከረሜላ መላጥ ነውር ነው። ዘፈኑ ያለቀ መስሎት ቀድሞ ያጨበጨበ ሰው ከግራም ከቀኝም በዓይን ይገረፋል። ሳል የመጣበት እስከ ዕረፍት አፍኖ ይይዛል፤ ዕረፍት ሲሆን አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ ይስላል። ሳልን በቀጠሮ የሚያስተናግድ ሕዝብ ያስቀናል።

እኔ ይህን ደንብ የተማርኩት ሚላን ወይም ቪየና ሄጄ አይደለም። እዚሁ ዓይናለም፣ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከአከራዬ ልጅ ነው።

ዓይናለምን ለማያውቅ፦ በመቐለ ዳር ያለች ሰፈር ናት፤ ከተማው ለሚጠጣው ውኃ ጉድጓዶቿ ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ውኃው ኋላ ታሪኩ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ጊዜው ሚያዝያ 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ሆሳዕና ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ሁሉንም በየቤቱ አስገብቶታል። የክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ መጋቢት 30 ደግሞ የፌዴራሉ ተጨመረበት። ሠርግ ቀረ፣ ጓይላ ቀረ፣ ሰላምታ እንኳ በክርን ሆነ። የእኛ ግቢ ሰዎች ግን ከአንድ ቧንቧ የምንቀዳ፣ በአንድ በር የምንገባ ስለሆንን እርስ በርስ መራራቁን ብዙም አላወቅንበትም።

አከራያችንን ሁላችንም «አደይ» እንላቸዋለን። ወንድማቸው አቦይ ቀሺ የዜማ ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ጉልበታቸውን እንጂ ድምፃቸውን አልነካውም። ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ በዚያ ሰሞን ቀሚስ የሚያሰፋ ጠፍቶባት ጭምብል ትሰፋለች። የአደይ የመጨረሻ ልጅ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስለተዘጋ ቤት ተቀምጦ ስልኩን ሲወቅር ይውላል። ዜናውን ያመጣውም እሱ ነው።

«ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድሬያ ቦቼሊ ከሚላን ካቴድራል በቀጥታ ይዘምራል። የዓለም ታላቁ ቴነር ነው።»

«ቴነር ደግሞ ምንድነው?» አሉ አደይ፣ የረከቦቱን አቧራ እየጠረጉ።

ልጁ አስረዳ። በኦፔራ ቤት የወንድ ድምፅ ከታች ወደ ላይ ባስ፣ ባሪቶን፣ ቴነር ተብሎ ይከፈላል። የሰው ዕጣ ፈንታም በዚያው ይከፈላል፦ ባሱ ካህን ወይም ሽማግሌ ንጉሥ ይሆናል፤ ባሪቶኑ አባት፣ ምቀኛ ወይም ተበቃይ ይሆናል፤ አፍቃሪው ወጣት ቴነር ነው። «ታዲያ ድምፁ ወፍራም የሆነ ሰው አያፈቅርም?» ብላ ልብስ ሰፊዋ ጠየቀች። ልጁ አሰበና «ያፈቅራል፤ ግን አይሳካለትም» አላት።

ስለ ዘማሪው የነገረን ደግሞ ይህን ነው። ቦቼሊ እ.ኤ.አ. በ1958 ጣሊያን ቶስካና ውስጥ ተወለደ። ሲወለድ ጀምሮ ዓይኑ ግላኮማ ነበረበት፤ በ12 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት በደረሰበት ምት ጨርሶ ብርሃኑን አጣ። ሕግ ተምሮ ተመረቀ፤ ማታ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ፒያኖ እየመታ ይዘፍን ነበር። አቦይ ቀሺ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙ ዓይነ ስውር መሪጌቶች የሚደነቁ እንጂ የሚያስገርሙ አይደሉም። «እንግዲህ የኛ ሰው ነው» አሉ፤ ሰውየው ካቶሊክ መሆኑን በይደር ትተው።

ሰዓቱ ሲደርስ ልጁ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኘና ራሱን ፀጥታ አስከባሪ አድርጎ ሾመ። «ክላሲካል ነው» አለ፤ ቡና እንዳይወቀጥ። የስፌት መኪናዋ እንድትቆም። ሲያልቅ እንጂ መሐል ላይ እንዳይጨበጨብ። እልልታ የሚባል ነገር እንዳይሰማ። አደይ ሙቀጫውን በአንድ እጃቸው፣ ዘነዘናውን በሌላው እንደያዙ ቀሩ። በገዛ ሳሎናቸው፣ በገዛ ልጃቸው፣ በማያውቁት ጣሊያናዊ ምክንያት ቡና ተከለከሉ።

ለሚላኖች ያ እሑድ ፋሲካቸው ነበር። ካቴድራሉ መታነጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1386 ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ምእመን የሚይዘው ያ ሕንፃ በዚያ ምሽት ባዶውን ነበር። በዘማሪውና በኦርጋን ተጫዋቹ ፊት አንድ ታዳሚ እንኳ የለም። በየአገሩ በስክሪን የሚመለከተው ግን በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከዚያ ላይ እኛ ዓይናለሞች ተቀንሰን ቢሆን ቁጥሩ ብዙም አይጎዳም ነበር፤ እንደሚታየው በኋላ ተቀንሰናልም።

መጀመሪያ የሴዛር ፍራንክን «ፓኒስ አንጀሊኩስ» ዘመረ። ሰውየው አፉን ሲከፍት ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ልብሷ ላይ ሰካች። አቦይ ቀሺ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመቋሚያቸው ጫፍ ምንጣፉን ቀስ እያሉ ነካ ነካ እያደረጉ ሰሙና ፍርድ ሰጡ። «አራራይ ነው።» ልጁ «አቦይ፣ ጣሊያኖች እኮ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የላቸውም» አላቸው። «አላወቁትም እንጂ አላቸው» አሉ።

ቀጥሎ በባህ ላይ ጉኖ ያበጀው «አቬ ማሪያ» መጣ። እዚህ ላይ የልጁ ሥርዓት የመጀመሪያውን ሽንፈት ቀመሰ። «ማሪያ» የሚለው ቃል እንደተሰማ አቦይ ቀሺ ብድግ አሉ። አደይ ተነሡ። ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። እኔም ብቻዬን ተቀምጬ መቅረት ስላልቻልኩ ተነሣሁ። «ኧረ ቁጭ በሉ! ኮንሰርት ላይ አይቆምም!» አለ ልጁ። አቦይ ቀሺ ዞረው እንኳ ሳያዩት «የእመቤታችን ስም እየተጠራ ማን ነው የሚቀመጠው?» አሉት። ጭራሽ ቀጣዩ የማስካኒ «ሳንክታ ማሪያ» ሆነና መቆሙ ተራዘመ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማኅሌት ለሚያድር ሰው ሁለት ዜማ ምንም አይደለም፤ የደከመኝ እኔ ነኝ።

በዚህ መሐል ልጁ በሹክሹክታ አንድ ቁም ነገር ነገረኝ። ዋነኛው የኦፔራ ዘፋኝ በማይክሮፎን አይዘፍንም። ቦቼሊንም ብዙ ሐያስያን «የኦፔራ ሰው ነው፣ አይደለም» እያሉ የሚነታረኩበት አንዱ ምክንያት ሰፊው ሕዝብ ድምፁን የለመደው በማይክሮፎን በኩል በመሆኑ ነው። ክርክሩን ለባለቤቶቹ እንተውና፣ የሚገርመው አንድ ጉሮሮ ያን ሁሉ ቫዮሊንና ጥሩምባ እንዴት አልፎ ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር እንደሚደርስ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ዮሐን ሱንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ምሥጢሩን ፈታው። የኦርኬስትራ ጉልበት የሚበረታው 500 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የሠለጠነ የኦፔራ ወንድ ግን የጉሮሮውን ቅርጽ አስተካክሎ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል። የሰው ጆሮም እዚያው አካባቢ ንቁ ነው። ስለዚህ ቴነሩ ከኦርኬስትራው ጋር አይጋፋም፤ ኦርኬስትራው በሌለበት በኩል ዞሮ ይገባል። ይህን ለአቦይ ቀሺ ብተረጉምላቸው «እኛም ድምፅ ማጉያ ሳይመጣ እንደዚያ ነበርን፤ አሁን ሁሉም ማይክ ሲይዝ ጉሮሮው ሰነፈ» አሉና ወደ ሚላን ተመለሱ።

አራተኛው ዜማ የሮሲኒ «ዶሚኔ ዴውስ» ነበር። ስለ ሮሲኒ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1837 ፓሪስ ላይ ዢልቤር ዱፕሬ የሚባል ቴነር በሮሲኒ «ጊዮም ቴል» ውስጥ ላይኛዋን «ዶ» በሙሉ የደረት ድምፁ አወጣት። ከዚያ በፊት የነበሩት ቴነሮች እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን አሳስተው፣ ለስለስ አድርገው ነበር የሚያልፉት። ሕዝቡ አበደ። ዛሬም ድረስ ቴነር የሚመዘነው በዚያች አንዲት ኖታ ነው። የዜማው ባለቤት ሮሲኒ ግን ሲጠየቅ፣ የተኮላሸ አውራ ዶሮ ሲታረድ የሚያሰማው ጩኸት ነው የመሰለው ብሏል ይባላል።

አደይ ደግሞ ዋጋ ሳይጨምር ብለው ለፋሲካ የገዙት አውራ ዶሮ በረንዳው ላይ በገመድ ታስሮ ነበር። እንዳልተኮላሸ እመሰክራለሁ። «ዶሚኔ ዴውስ» ከፍ እያለ ሲሄድ፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ ጮኸ። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ከቴነሩ ጋር እየተቀባበለ ጮኸ። ልጁ ተነሥቶ በሩን ሊዘጋ ሲሮጥ ነው ከግቢው መሐል ያ የምናውቀው ድምፅ የተሰማው። ቧንቧው በመጀመሪያ ሹ አለ፣ ከዚያ አስነጠሰ፣ ከዚያ ባልዲውን መታው።

«ውኃ መጣ!»

ይህን የጮኸው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ሁላችንም ነን። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ያለበት ሰፈር የኖረ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። አደይ ሙቀጫውን ጥለው ጀሪካን አነሡ። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ባልዲ ይዛ ከፊት ሆነች። አቦይ ቀሺ «ጎላውን አምጡ!» እያሉ ቱቦ ይቀጥላሉ። ፀጥታ አስከባሪው ራሱ በርሚሉን እየገፋ ወጣ። ጣሊያናዊው ሊቅ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት ካቴድራሎች በአንዱ ውስጥ ላይኛው ኖታ ላይ ሲደርስ ዓይናለም ያለው ሳሎን ባዶ ነበር። በዚያች ቅጽበት ሚላንና እኛ ተካከልን፦ እዚያም ሰው የለም፣ እዚህም ሰው የለም።

በርሚሉ እስኪሞላ ልጁ አኩርፎ ቆሞ ነበር። «የሠለጠነ ሕዝብ እንዲህ አያደርግም» ይላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም የሠለጠነ የተባለው ሕዝብ ለቴነር ዝም ማለት የጀመረው በቅርቡ ነው።

ድሮ የጣሊያን ኦፔራ ቤት ውስጥ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይወራል፣ ካርታ ይጫወታሉ። ተወዳጁ ዘፋኝ ሲመጣ ብቻ ፊታቸውን ወደ መድረክ ያዞራሉ፤ ከወደዱት «ይደገም!» እያሉ ኦፔራውን አስቁመው ያስደግሙታል። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ጭብጨባ ራሱን የቻለ እንጀራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የፓሪስ ኦፔራ ቅጥረኛ አጨብጫቢዎች ነበሩት፤ አለቃቸው ኦጉስት ሌቫሴር ልምምዱን አስቀድሞ ተመልክቶ የት ላይ ሞቅ፣ የት ላይ ለዘብ ተደርጎ እንደሚጨበጨብ ያቅድ ነበር። የሚስቅ ለብቻ፣ የሚያለቅስ ለብቻ፣ «ይደገም» የሚል ለብቻ ሰው ነበራቸው። የእኛን አገር እልልታ በነፃ ሲያገኝ የኖረ ዘፋኝ ይህን ቢሰማ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ይገባው ነበር።

መብራት አጥፍቶ ሰውን ጸጥ ማሰኘት ሥር የሰደደው ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1876 ባይሮይት ላይ የራሱን ቴአትር ከከፈተ በኋላ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የታፈነው ነገር መውጫ መፈለጉ አልቀረም። ፓቫሮቲ እ.ኤ.አ. በ1988 በርሊን ውስጥ ዘፍኖ ሲጨርስ ለ67 ደቂቃ ተጨበጨበለት፤ እጅ እንዲነሣ መጋረጃው 165 ጊዜ ተከፈተለት። ልጁ ይህን የነገረን የቴነርን ክብር ሊያሳየን ነው። አደይ ግን «67 ደቂቃ? ቤት የላቸውም እንዴ?» አሉ። እኔ ሳስበው ያ ጭብጨባ የተጠራቀመ ነው። ከዘፈኑ መሐል መሐል ትንሽ ትንሽ እየተነፈሱ ቢሆን ኖሮ በጊዜ ይገቡ ነበር።

ደግሞስ ዝም ብሎ መስማት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከትግራይ ሰው በላይ ማን ያውቃል? አቦይ ቀሺ ውኃ እየቀዱ ያነሡት ይህንኑ ነው። ቅዱስ ያሬድ አክሱም ላይ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን የያሬድ እግር ላይ ተከሉት። ደሙ ፈሰሰ፤ ዘማሪው አላወቀ፣ ሰሚው አላወቀ። «አየህ» አሉት ልጁን፣ ጀሪካኑን እየዘጉ፣ «ንጉሡ ትንሽ እጃቸውን ቢያጨበጭቡ ኖሮ ጦሩን አስቀምጠውት ነበር።» ሥነ መለኮቱን ለሊቃውንት እተወዋለሁ፤ በአዳራሽ ደህንነት ረገድ ግን ነጥቡ የሚሸነፍ አይደለም።

ሳሎን ስንመለስ ቦቼሊ ከካቴድራሉ ወጥቶ በደጁ ቆሞ፣ ያለ ኦርጋን «አሜዚንግ ግሬስ» ጀምሮ ነበር። አደባባዩ ላይ ወፍ ዝር አይልም። ካሜራው ፓሪስን ያሳያል፣ ለንደንን፣ ኒውዮርክን፤ ጎዳናው ሁሉ ጭር ብሏል። አደይ ቆመው አዩት። «ይሄ ሁሉ ድምፅ ወጥቶ፣ አንድ ሰው እንኳ እሰይ አይለውም?» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ሳያስፈቅዱ፣ እጃቸውን ውኃ እንዳረጠበው፣ እልልታቸውን አስነኩት። ልብስ ሰፊዋ ተከተለቻቸው። ልጁ አፉን ከፈተና ዘጋው፤ በቁጥር ተበልጧል።

ሚላኑ 25 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶ አለቀ። ቡናው ተወቀጠ። ዩቲዩብ እንደ ልማዱ ሳይጠየቅ ሌላ አመጣ፤ የጥንት ግብፅ ጦር አዛዥ ልብስ የለበሰ ሰው ብቻውን ቆሞ ይዘፍናል።

«ይኼ ደግሞ የቨርዲ ‹አይዳ› ነው» አለ ልጁ፤ «አይዳ ግብፅ ውስጥ ባሪያ የሆነች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት።»

ሁላችንም ወደ ፊት ሳብ አልን። «አባቷ ማነው?» አሉ አቦይ ቀሺ። «ንጉሥ አሞናስሮ።» «እንዲህ የሚባል ንጉሥ የለንም።» «ልብ ወለድ ነው አቦይ። ድምፁም ባሪቶን ነው።» «ለእኛ ንጉሥ ባሪቶን ሰጥተው ቴነሩን ለማን አደረጉት?» «ለራዳሜስ። ይኼ የሚዘፍነው ነው፤ የግብፅ ጦር መሪ።» «ጦርነቱን ማን አሸነፈ?» ልጁ ወደ ስኒው አቀርቅሮ «ግብፅ» አለ።

የቡናው ጭስ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። እዚህ ላይ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት ስለማይችል እኔም ገባሁበት። «አይዳ»ን ያሠራው የግብፁ ገዥ ኸዲቭ እስማኤል ፓሻ ነው። ካይሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1869 ኦፔራ ቤት ከፈተ፤ ለቨርዲ 150,000 ፍራንክ ከፈለ። አልባሳቱና የመድረክ ዕቃው ፓሪስ ውስጥ ተሠርቶ ነበር፤ ከተማዋን ፕሩሲያኖች ሲከቧት እዚያው ተቆለፈበት፤ ስለዚህ ኦፔራው መድረክ ያየው ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 (እ.ኤ.አ.) ነው። ኢትዮጵያ በዜማ ተሸነፈች፤ ታዳሚው አጨበጨበ። አራት ዓመት ሳይሞላ ያው እስማኤል ፓሻ ነገሩን ያለ ሙዚቃ ሊደግመው ሠራዊት ላከ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ ድል አደረጉት፤ ሁለቱም ቀን እ.ኤ.አ. ነው። ጉንደት ላይ ጦሩን የመራው ዴንማርካዊው አረንድሩፕ እዚያው ቀረ። ጉራዕ ላይ የዘመቱት አዛዦች መሐል የራሱ የኸዲቩ ልጅ ሐሰንና የአሜሪካን እርስ በርስ ጦርነት ያዩ መኮንኖች ነበሩ። የኦፔራው ሒሳብ በፍራንክ ተጽፎ ቀርቷል፤ የጉራዕ ሒሳብ በፍራንክ የሚነገር አይደለም። አፄ ዮሐንስ ኋላ መናገሻቸውን መቐለ አደረጉ፤ ቤተ መንግሥታቸውን ያነጸላቸውም የቨርዲ አገር ሰው፣ ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ ነው።

«ታዲያ ይኼ ሰውዬ በኋላ ምን ሆነ?» አሉ አደይ፣ ራዳሜስን በአገጫቸው እያሳዩ። ልጁ ደስ አለው፤ የሚያስታርቅ መልስ ነበረው። «ድል አድርጎ ተመለሰ፤ አይዳን ስለሚያፈቅር ግን ምሥጢር አወጣ፤ ከነሕይወቱ መቃብር ውስጥ ተዘጋበት። እሷም ሾልካ ገብታ አብራው ሞተች።» አደይ ጥቂት አሰላስለው «እንግዲያማ አላሸነፈም» አሉና ሁለተኛውን ስኒ ቀዱ።

ልጁ ስለዚያች ዘፈን አንድ የመጨረሻ ነገር ነገረን። «ቼሌስቴ አይዳ» የምትመጣው ገና መጋረጃው ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጉሮሮው ሳይሟሟቅ ቴነሩ ከባዱን ፈተና ይጋፈጣል፤ ቨርዲ ደግሞ መጨረሻዋን ከፍተኛ ኖታ እየጠፋች በምትሄድ ለስላሳ ድምፅ እንድትወጣ ነው የጻፋት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2006 (እ.ኤ.አ.) ሚላን ላ ስካላ ውስጥ ሮቤርቶ አላኛ የሚባል ስመ ጥር ቴነር ይህችኑ ዘፍኖ ሲጨርስ ከላይኛው ሰገነት ላይ ያሉ ሰዎች ጮኹበት። እሱም አላመነታም፤ መድረኩን ጥሎ ወጣ። ኦርኬስትራው እየተጫወተ ስለነበር ተጠባባቂው አንቶኔሎ ፓሎምቢ የአዘቦት ልብሱን እንደለበሰ ተገፍቶ ገባ፤ ኢትዮጵያን ሊወጋ የሚነሣው የፈርዖን ጦር አዛዥ ከቤቱ ጠርተው እንዳመጡት ሰው ሆኖ ዘፈነ።

ይህን ስሰማ ነው የልጁ ደንብ ለእኔ ያበቃለት። ሳልን በቀጠሮ ያደርጋሉ የተባሉት፣ እዚያው ሚላን ውስጥ፣ አንድን ሰው በጩኸት ከመድረክ ያባርራሉ። እኛ የወጣነው ለውኃ ነው፤ ተመልሰንም እልል ብለናል። ሰሚ ማለት ለዘፋኙ የሆነ ነገር የሚመልስለት ሰው ነው፤ ኦፔራ ቤት ሳቁንም ልቅሶውንም ለቅጥረኛ ሰጥተውት ኖሩ፣ ኋላ መብራቱን አጥፍተው ራሱን ሰሚውን አጠፉት፣ ይኸው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ለዘፋኙ ከሰገነቱ የተመለሰለት ስድብ ሆነ። ባዶ ካቴድራል ውስጥ የቆመው ሰው በዚያ ምሽት ያጣው ድምፅ አልነበረም፤ «እሰይ» የሚለው ነበር።

ስለዚህ ከዝነኞቹ ቴነሮች አንዱ ወደ መቐለ ለመምጣት ቢያስብ፣ የሐውልቲ ሰማዕታት አዳራሽም ቢሆን የእኛም ግቢ ቢሆን፣ ውሉ ላይ አስቀድመን ብናሰፍር መልካም ነው። እልልታው ዘፈኑ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ማርያም ከተጠራች እንቆማለን። ብር ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ላይኛዋን «ዶ» ይዞ ከሆነ እንዳያቋርጥ ይለማመድ። ውኃ ከመጣ ታዳሚው ይወጣል፤ ቅሬታ አያድርበት፣ ይመለሳል። በዚያ ምሽት እነዚህን ስንዘረዝር ልጁም ሳይወድ ሳቀ፤ የቀረው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያን የሚያሸንፈውን የዚያን ሰውዬ፣ የራዳሜስን ዘፈን፣ ቴነሩ አፄ ዮሐንስ ከተማ ውስጥ እንዲዘፍን እንፈቅድለታለን ወይስ አንፈቅድለትም? አደይ አልፈቀዱም። ልብስ ሰፊዋ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። አቦይ ቀሺ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ የመጨረሻዋን በረካ ጠጥተው ፍርዱን ሰጡ፦

«ይዝፈነው እንጂ! ጉራዕ ላይ የተሸነፈ ሰው መድረክ ላይም አያሸንፍ ማለት ግፍ ነው።»